የቢኦኪው ዝርዝር ዋጋና የሥራ ፕሮግራም እንዴት አብረው ይሄዳሉ? (ኢአርፒኔክስትና ኤምኤስ ፕሮጀክት፣ ደብረ ብርሃን)

ጠባሴ
ታኅሣሥ 18

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ዋናው ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፤ ግዥም ፋይናንስም እዚያ ናቸው። አምና ኢአርፒኔክስት (ግዥን፣ ስቶርንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) አስገቡ። ፕሮግራሙን፣ ማለትም የሥራውን የጊዜ ሰሌዳ፣ ግን እኔ የምሠራው በኤምኤስ ፕሮጀክት ነው። ዋጋው ደግሞ ጨረታ ክፍል በሠራው ኤክሴል ላይ ተኝቷል። ከመስከረም ጀምሮ በየስብሰባው "ሦስቱ ይገናኙ" ይባላል፤ የሚያገናኘው ሰው እኔ እንደሆንኩ ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገርም ሁሉም ወደኔ ያያል።

አገናኘሁ ብዬ ነበር። ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ ያሉትን 214 ረድፎች አንድ በአንድ ወደ ኤምኤስ ፕሮጀክት አስገባሁ። እያንዳንዱን ረድፍ አንድ ሥራ አደረግኩት፤ ጠቅላላ ዋጋውን በቋሚ ወጪ ዓምድ ላይ ጫንኩ። ዕቃውንም እንደዚሁ። ከዚያ በየወሩ የሚያስፈልገውን አውጥቼ ለግዥ ላክሁ። ያማረ ሠንጠረዥ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አመሰገነኝ።

የሆነውን ላውጋችሁ። ቢኦኪው ላይ "ሲ-25 አርማታ ለወለል ስላብ፣ 248 ሜትር ኩብ" የሚል አንድ ረድፍ አለ። ፕሮግራሙ ላይም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የተዘረጋ አንድ ባር (የሥራውን ቆይታ የሚያሳይ መስመር) ሆነ። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ስናስብ 892.8 ኩንታል ይመጣል። ሶፍትዌሩ ለአምስት ወር እኩል አካፈለው፤ ለወሩ 178 ኩንታል ከምናምን። ግዥ ደግሞ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ 179 ኩንታል ላከ።

ስላቡ አራት ነው፣ አንዱ 62 ሜትር ኩብ ነው። ስላብ በወር በወር ተቆርሶ አይሞላም፣ በአንድ ቀን ነው የሚሞላው። ለዚያ ቀን ብቻ 223 ኩንታል ያስፈልጋል። ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሠንጠረዡ ግን አላወቀውም፤ እኔም ሠንጠረዡን አምኜ ተኛሁ።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ሙሌት ጀመርን። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ለምታውቁ አልነግራችሁም፤ ጠዋት የበርሜሉ ውኃ ላይ ስስ በረዶ ስለነበረ እስኪሞቅ ብለን ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ሚክሰር አላስነሳንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስቶር ኪፐሩ ከታች ሆኖ ሁለት እጁን አጨብጭቦ ባዶ መዳፉን አሳየኝ። ፎርማናችን "ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ሊያሳፍረን ነው" አለ። ከተማ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዞረን ማግኘት የቻልነው 19 ኩንታል ነው፤ በዚህ ቀን ዋጋ እንዳትጠይቁኝ። ለሚ ላይ ያን የሚያህል የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለበት ዞን ውስጥ ሆነን እኮ ነው! መጨረሻ ላይ አማካሪው መጥቶ፣ ከስፓኑ ሲሶ ላይ በጣውላ አስዘግቶ፣ ሳይት ቡኩ ላይ ጽፎብን ሄደ። ማታ በፋኖስ ፕላስቲክና የጤፍ ጭድ ስናለብስ አመሸን፤ ውርጩ እንዳይመታው።

ጥያቄዬ ይኸው። ዝርዝር ዋጋውና ፕሮግራሙ ተሳስረው፣ ፕሮግራሙ ሲገፋ ወጪውም ዕቃውም አብሮ እንዲገፋ የምታደርጉት እንዴት ነው? ረድፍ ለረድፍ መሄዱ ስህተት እንደሆነ ገብቶኛል። ታዲያ በምን?

ባለሜትሩ
ታኅሣሥ 18

ወንድሜ፣ አይዞህ። ይህን ያላደረገ የለም፤ ልዩነቱ አንዳንዱ አይናገርም።

ቢኦኪው የተሠራው ለመለካትና ለመከፈል ነው። አርማታ ከአርማታ ጋር፣ ፎርምወርክ (አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) ከፎርምወርክ ጋር፣ ፌሮ ከፌሮ ጋር። መሬት ላይ ግን ሥራ እንደዚያ አይሄድም። አናጢው ፎርምወርኩን ይገጥማል፣ ፌራዮው ፌሮውን ያስራል፣ ከዚያ ሙሌት፣ ከዚያ ወደ ላይ። አንድ ስላብ ሦስት ቦታ ተበትኖ ነው ቢኦኪው ውስጥ የሚገኘው። በዚያ ላይ አንዱ የቢኦኪው ረድፍ አራት ወለል ይበላል። ስለዚህ ረድፉን ከባር ጋር አታጋባው። አይበረክትም።

መሐላቸው ላይ የሥራ ጥቅል የሚባል ነገር አስቀምጥ። "የ1ኛ ወለል ስላብ" አንድ ጥቅል ነው፤ ከአርማታው ረድፍ 62 ሜትር ኩብ፣ ከፎርምወርኩ 410 ካሬ፣ ከፌሮው 68 ኩንታል ይወስዳል እንበል (አንተ የራስህን ቁጥር አስገባ)። 214ቱ ረድፍ ወደ ሃምሳ ስልሳ ጥቅል ይወርድልሃል። ታክ ኦፍ ሺቱ (መጠኑ ከፕላን የተለካበት ወረቀት) ላይ በየወለሉ ለይተው ከሠሩት ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ደምረው ካስቀመጡት ግን እንደገና መለካት ነው፣ ይቅርታ። አንድ ዓምድ ደግሞ ለማጣሪያ ተው፦ የአንድ ረድፍ ድርሻ በየጥቅሉ ተደምሮ ከቢኦኪው መጠን ጋር እኩል ካልመጣ ቀይ ይብራ። እኔ ይህ ዓምድ የሌለበትን ፋይል አልከፍትም።

ሁለተኛ ነገር። ነጠላ ዋጋውን ይዘህ ወደ ፕሮግራም አትግባ። ነጠላ ዋጋ ውስጥ ኦቨርሄድ (የቢሮና የአስተዳደር ወጪ) አለ፣ ትርፍ አለ። ግዥ ትርፍ አይገዛም። ይዘህ መግባት ያለብህ የዋጋ ትንተናውን ነው፣ ሬት ብሬክዳውን የምንለውን። በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት አሸዋ፣ ስንት ጠጠር፣ ስንት የቀን ሠራተኛ፣ ስንት የሚክሰር ሰዓት። ብክነትንም አትርሳ። ያንተ 223 ኩንታል ብክነት የለበትም፤ 5 በመቶ ብትጨምር 234 ነው። ሱቅ ዞረህ ያጣኸው ካሰብከው በላይ ነበር ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ተቃጥዬበት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው እኔ መንዝ ውስጥ የግንባታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቀሪ ሥራችን ስንት እንደሚፈጅ አምጡ ተባልን። ኤክሴላችን ላይ ያለው ጠቅላላ ነጠላ ዋጋ ብቻ፤ ከውስጡ ፌሮው ስንት ነው፣ ናፍጣው ስንት ነው ብትል መልስ የለም። ትንተናውን የሠራው ልጅ ለቋል፣ ፋይሉ ከላፕቶፑ ጋር ሄዷል። ሦስት ሳምንት ከዜሮ ሠራነው። ጎረቤታችን የነበረው ተቋራጭ ትንተናውን ከፕሮግራሙ ጋር አስሮ ስለነበር በሁለት ቀን ጨርሶ ደብዳቤውን አስገባ።

ጠባሴ
ታኅሣሥ 19

ጋሼ ባለሜትሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። (ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ፤ ምክሩን ግን አይቀንሰውም።)

የጥቅሉ ነገር ገብቶኛል፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ 57 አውጥቻለሁ። ማጣሪያው ዓምድ ላይ አሁን አሥራ አንድ ቀይ አለ። ከእነዚህ ስድስቱ የጨረታ ክፍል ስህተት ሳይሆኑ የኔ ናቸው፤ ይህን እዚህ ብቻ ነው የማምነው።

ግን አንድ ነገር አልገባልኝ አለ። በመጠን የማይሄድ ወጪስ? ፎርምወርኩን በኪራይ ነው የምንይዘው፣ በቀን። ስካፎልዲንጉም እንደዚያው። ዘበኛው፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ የቢሮ ኪራይ። ጨረታ ክፍል ፎርምወርኩን በካሬ ዋጋ ሠርቶታል፣ 14 ቀን ቆይቶ ይነሳል ብሎ። እዚህ ብርድ ላይ አማካሪው በ14 ቀን አያስነሳም። የመጀመሪያው ስላብ ላይ 21 ቀን ብሎናል። ሰባቱ ቀን የት ይጻፍ?

መሐል ሜዳ
ታኅሣሥ 19

ጠባሴ፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ወጪን ሁለት ቦታ ክፈዪው፤ ከሥራው መጠን ጋር የሚሄድ እና ከጊዜው ጋር የሚሄድ። ሲሚንቶ ሥራው ሁለት ወር ቢዘገይም ያው 234 ኩንታል ነው። የኪራይ ፎርምወርክ ግን ሥራው ቆሞ እያለም ይበላል።

ኤምኤስ ፕሮጀክት ላይ ይህ አብሮት የተሠራ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። የዕቃ ዓይነት ሪሶርስ ስትመድቢ ቁጥር ብቻ ከጻፍሽ (234) ቋሚ ነው፤ ባሩ ቢረዝምም አይለወጥም። በቀን ይህን ያህል ብለሽ ከጻፍሽው ግን ባሩ ሲረዝም ወጪውም ይረዝማል። ፎርምወርኩን "ስብስብ" የሚል መለኪያ ሰጥተሽ በቀን አንድ በይው፣ ዋጋው የቀን ኪራዩ ይሁን። ከዚያ "ፎርምወርክ ቆይታ" የሚል ሥራ ለብቻው አውጥተሽ ከሙሌቱ ጋር እሠሪው። 14ን 21 ስታደርጊው ሰባቱ ቀን ራሱ ቦታውን ያገኛል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ያ ሥራ የሚሄድበት ካሌንደር የሠራተኛው ካሌንደር መሆን የለበትም። አከራዩ እሑድን ይቆጥራል። ሰባቱም ቀን የሚሠራ፣ በዓል የሌለበት ካሌንደር ለብቻ ፍጠሪለት።

የሠራተኛው ካሌንደርስ? እኔ መሐል ሜዳ ስሠራ አዲስ አበባ የተሠራው ፕሮግራም በወር 26 የሥራ ቀን ይላል። መንዝ ውስጥ ማን 26 ቀን ይሠራል? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ደብሩ አቦ ከሆነ ደግሞ 5። ግንበኛው ከቤቱ አይወጣም፣ ተው ብትለውም "አንተ ትቀጣልኛለህ?" ነው መልሱ። ትክክለኛው ወደ 21 ነበር፤ የመጀመሪያው ወር ላይ አምስት ቀን ዕዳ ይዘን ነው የጀመርነው። ካሌንደሩ ላይ እነዚህን ካላስገባሽ በጊዜ የሚሄደው ወጪ በሙሉ ከመነሻው ውሸት ነው።

አስቸጋሪው ሶፍትዌሩ የኛን ወር አያውቅም። "በየወሩ በ12" ብትዪው የፈረንጁን 12 ይወስዳል። ዘንድሮ የጥቅምት ሚካኤል ኦክቶበር 22 ነበር፣ የኅዳሩ ኖቬምበር 21፣ የጥሩ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል። እየተንሸራተተ ስለሚሄድ አንድ በአንድ ነው የሚገባው። አንድ ከሰዓት ይፈጃል፤ አንዴ ከሠራሽው ግን ለሌላ ፕሮጀክት ይገለበጣል።

ክረምት ላይ የምትሠሪው የመሬት ሥራ ካለም ያንኑ አድርጊ። የጅሩን መረሬ አፈር ያየ ሰው ሐምሌ ላይ ገልባጭ አይልክም።

ፕሪማቬራ (ሌላው የፕሮግራም ሶፍትዌር) ያላችሁ ደግሞ ሌቭል ኦፍ ኤፈርት የሚባል የሥራ ዓይነት አለ። ከመጀመሪያው ሥራ እስከ መጨረሻው ራሱ ይዘረጋል፤ ዘበኛና የቢሮ ኪራይ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ኤምኤስ ፕሮጀክት ይህ የለውም። የመጀመሪያውን ሥራ መነሻና የመጨረሻውን ሥራ ማብቂያ ቀን ኮፒ አድርጎ በሊንክ መለጠፍ ነው ያለው ዘዴ፤ አንዳንዴ ይበጠሳል፣ እያየሽ።

የቆላው
ታኅሣሥ 20

ለባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ይህ ሁሉ? እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ትምህርት ቤት በኤክሴልና በስልክ ጨርሻለሁ። ፎርማኑ የነገውን ማታ ይደውልልኛል፣ እልካለሁ። አለቀ።

ጠባሴ
ታኅሣሥ 20

የቆላው፣ ግዥውን አንተ ራስህ ስለያዝከው ነው። እኔ ሲሚንቶ ለማዘዝ ሦስት ሰው መፈረም አለበት፤ ሦስቱም 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ማታ ደውዬ ጠዋት ቢመጣልኝማ እኔም ኤክሴሉን እመርጥ ነበር። እውነትህን ነው ግን፣ ፎርማኑ የሚያውቀውን ሶፍትዌሩ አያውቅም።

ፒችትሪ ናፋቂ
ታኅሣሥ 22

የፋይናንስ ሰው ነኝ፤ እናንተ ኢንጂነሮች ስትጨርሱ የምንጠየቀው እኛ ስለሆንን ጣልቃ ልግባ። ስሜ እንደሚለው በፒችትሪ (በድሮው የሒሳብ ሶፍትዌር) ዘመን እንቅልፍ ነበረኝ።

ኢአርፒኔክስት ውስጥ ፕሮጀክት ላይ የግምት ወጪ የሚሞላበት አንድ ቦታ አለ። አንድ ቁጥር ነው፤ እሱ ላይ ጽፎ "ገባ" ማለት ምንም አያደርግም። ታስኩም የዕቃ ትንተና አይዝም፤ ትንተናውን እዚያ ለመክተት ጊዜ አታባክኚ። ትንተናው ባለበት ይቀመጥ። ወደ ሲስተሙ የሚሻገረው የጥቅሉ ኮድ ነው። አካውንቲንግ ዳይሜንሽን የሚባል፣ ወጪን በራስሽ መለያ የምትከፋፍዪበት ነገር አለ፤ "የሥራ ጥቅል" ብለሽ ፍጠሪና 57ቱን ኮድ ጫኚ። ከዚያ በኋላ ግዥ ትዕዛዝ ላይም፣ ደረሰኝ ላይም፣ የስቶር ወጪ ላይም ያ ሳጥን ይመጣል። ለወጪ አካውንቶች ግዴታ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ አድርጉት። ግዴታ ካልሆነ ስቶር ኪፐሩ ባዶ ያሳልፈዋል፣ በሦስተኛው ወር ግማሹ ወጪ ባለቤት የለውም።

በጀት በዚሁ ዳይሜንሽን ላይ ይያዛል፤ ሲያልፍ አስጠንቅቅ ወይም አቁም ይባላል። "አቁም" የሚለውን መጀመሪያ ላይ እንዳትነኪ፣ ሙሌት ቀን ላይ ያቆምሻል። ደግሞ ልብ በዪ፦ በጀቱ ብርን እንጂ ኩንታልን አይጠብቅም። ያንቺ ችግር የኩንታልና የቀን ነበር። እሱ የሚፈታው ማቴሪያል ሪኩዌስት (የዕቃ መጠየቂያው) ላይ በየዕቃው "የሚፈለግበት ቀን" በሚለው ነው። ወር አትጻፊ። ከፕሮግራሙ የጥቅሉን መነሻ ቀን ወስደሽ፣ ለመጓጓዣና ለፊርማ የሚበቃ ቀን ቀንሰሽ፣ በኤክሴል በአንድ ጊዜ ማስገባት ትችያለሽ።

ሁለት ወጥመድ ልንገርሽ። አንደኛ፣ 15 በመቶው ቫት። ግምታችሁ ቫትን ሳይጨምር ከሆነና አንዳንዱ ደረሰኝ ከነቫቱ ወጪ ውስጥ ከተመዘገበ፣ "15 በመቶ አልፈናል" የሚል ሪፖርት ይመጣና ሁለት ሳምንት ስብሰባ ይቀመጣል። አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ የበጀት ዓመቱ። የኛ ሐምሌ 1 ነው፣ ጁላይ 8። ኢአርፒኔክስት የፈለግሽውን ቀን ይቀበላል። ኤምኤስ ፕሮጀክት ግን የሚቀበለው ወር ብቻ ነው፤ ከጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ የወር ድምሩን ከእሱ ወስደሽ ከኛ መዝገብ ጋር ካስተያየሽ መቼም አይገጥምም። ታስክ ዩሴጅ በሚለው የኤምኤስ ፕሮጀክት ገጽ ላይ በቀን ዘርዝረሽ ወደ ኤክሴል ገልብጪ፣ እዚያ በኛ ወር ደምሪው።

ጠባሴ
ታኅሣሥ 22

የቫቱን ስታነሺ (ወይስ ስታነሳ?) ሳቅሁ። ቢሯችን አሁን እሱው ላይ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላ መጪ ይጠቅማል። ኮዱን መጀመሪያ ያወጣሁት አሥራ ሁለት ቁጥር ያለው ነበር፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለው። ስቶር ኪፐሩ በኤስአይቪው (በስቶር ወጪ ሰነዱ) ላይ ሲጽፍ በሁለተኛው ቀን ሦስት ዜሮ በላው። አሁን "1-ስላብ"፣ "2-ዓምድ"፣ "2-ብሎኬት" ነው የሚለው። በየወለሉ ኮሪደር ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም አስጽፌዋለሁ። ፎርማኑ ዕቃ ሲጠይቅ ግድግዳውን አይቶ ይናገራል።

ፒችትሪ ናፋቂ
ታኅሣሥ 23

"ስታነሳ" ነው። ግድግዳው ላይ የጻፍሽው ግን ከዳይሜንሽኑ ይበልጣል፤ ለኛ ቢሮ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ጠባሴ
ጥር 28

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ሁለተኛውን ስላብ ማክሰኞ ጥር 26 ሞላን። ሲሚንቶው የገባው ቅዳሜ ጥር 23 ነው፤ 235 ኩንታል፣ በ"2-ስላብ" ኮድ፣ የሚፈለግበት ቀን ተጽፎበት። መጀመሪያ ለጥር 19 ነበር ያቀድነው። የሕንጻው አምዶች ሲዘገዩብን ባሩን ገፋሁት፤ ጥያቄው ላይ ያለውንም ቀን ቀየርኩ (ይህ ገና በእጅ ነው፣ ሁለቱ ሶፍትዌሮች በቀጥታ አይነጋገሩም፤ በየሰኞው አስተካክላለሁ)። ግዥ ደውሎ "ለምን ተቀየረ?" አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ግዥ ስለ ቀን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። መጋዘን ውስጥ አራት ኩንታል ተረፈ።

ፎርምወርኩን ለብቻ ካወጣሁት በኋላ የመጣው ቁጥር ግን ደስ አይልም። በአራቱም ስላብ ላይ ሰባት ሰባት ቀን ሲጨመር 28 ቀን ኪራይ ነው፤ ጨረታው ውስጥ የለም። ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና ሁለተኛ ስብስብ መከራየትና ቶሎ መውጣት ይሻል እንደሆነ አስልተሽ አምጪ አለኝ። አሁን እሱን እያሰላሁ ነው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ፋይል አልነበረንም።

ጋሼ ባለሜትሩ፣ ለእርስዎ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ማጣሪያው ዓምድ ላይ አንድ ቀይ አልጠፋ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው፣ ትናንት ማታ አገኘሁት፤ ደረጃው ነው። ቢኦኪው ላይ የደረጃው አርማታ ለብቻው ረድፍ አለው። እኔ በየትኛውም ጥቅል ውስጥ አልከተትኩትም፤ ከስላቡ ጋር ይሞላል ብዬ አስቤ። ፎርማኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ የሞላው ከስላቡ በአሥረኛው ቀን ነው፣ ከየትኛው ሲሚንቶ እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ለደረጃ ለብቻው ጥቅል ላውጣለት ወይስ ከላዩ ካለው ወለል አምድ ጋር ይሂድ?

ባለሜትሩ
ጥር 28

ለብቻው አውጪለት፣ እህቴ። ሲሚንቶውን ደግሞ ከ"1-ብሎኬት" ላይ ፈልጊው።